ለ3፣ ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ የመኪና መቀመጫ እንዴት እንምረጥ?



በመዋዕለ ሕፃናት እናስተምር በነበረበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመን ልጆችን እንቀበል ነበር። ልጆቹ ከመኪና የሚወርዱበት ሁኔታ ዛሬም ከዓይናችን አልጠፋም። አንዱ ጋቢና ከተቀመጠች እናቱ ጭን ላይ ይነሳል፤ ሌላው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ከቆመበት ይዘላል፤ አንዷ ደግሞ በአባቷና በመሪው መሐል ተቀምጣ ትመጣ ነበር። አባትየው ቀበቶውን በሥርዓት አስሯል። መኪናው ውስጥ ያልታሰረችው እሷ ብቻ ነበረች።

እነዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው ግድ የሌላቸው አልነበሩም። ስንጠይቃቸው ሁለት መልስ ነበራቸው፤ «ቅርብ ነው» እና «ይዤዋለሁ»።

ሁለተኛውን በስሌት እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭ መኪናው ይቆማል፤ ውስጡ ያልታሰረ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት ወደፊት ይቀጥላል። ፍጥነቱ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። 15 ኪሎ የሚመዝንን ልጅ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ለማስቆም ከ200 ኪሎ በላይ የሆነ ክብደት የመያዝን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ይህን የሚችል የእናት ክንድ የለም። ልጁን ከራሳችን ጋር በአንድ ቀበቶ ማሰርም መፍትሔ አይሆንም፤ ያን ጊዜ የእኛ ሙሉ ክብደት ልጁን በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

«አላህ ይጠብቀዋል» የሚሉም አሉ። ጠባቂው አላህ መሆኑ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ተወኩል ሰበብ ከማድረስ ጋር እንጂ ሰበብን ከመተው ጋር አይሄድም፤ ግመሉን ልሰር ወይስ ልልቀቅና በአላህ ልመካ ብሎ የጠየቀው ሰው ምን እንደተባለ ከመድረሳ ጀምሮ የምናውቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች የመኪና መቀመጫን መጠቀም በአደጋ የሚከሰተውን የሕፃናት ሞት በ60 ከመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ከዚህ የተሻለ ሰበብ በገንዘብ የሚገዛ ብዙ ነገር የለም።

እኛ የተሳሳትነው

ልጃችን 4 ዓመት ሲሞላው «አሁንማ ትልቅ ሆኗል» ብለን የራሱ ማሰሪያ ካለው መቀመጫ አውጥተን ጀርባ የሌለው ቡስተር ላይ አስቀመጥነው። እሱም ደስ አለው፤ እኛም ማሰርና መፍታቱ ስለቀለለን ደስ አለን። በሁለተኛው ሳምንት ከዘመድ ቤት በማታ ስንመለስ እንቅልፍ ወስዶት ወደ በሩ ተጋድሞ፣ የትከሻው ቀበቶ በብብቱ ሥር አልፎ፣ የወገቡ ደግሞ ሆዱ ላይ ወጥቶ አገኘነው። በዚያ ሁኔታ ብንጋጭ ቀበቶው የሚይዘው ሆዱንና አንጀቱን ነበር። ቤት ገብተን የድሮውን መቀመጫ መመሪያ አንብበን ስናየው እስከ 29 ኪሎ የሚያስቀምጥ ሆኖ አገኘነው። ልጃችን በዚያን ጊዜ 16 ኪሎ ነበር።

ይህን ያነሳነው በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሚመስለን ነው። ለአራስ ልጅ ሁሉም ይጠነቀቃል። ልጁ መሮጥና መናገር ሲጀምር ግን ወደሚቀጥለው ደረጃ እንቸኩላለን። ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው መዛወር ሽልማት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዝውውር ጥበቃው ይቀንሳል። ስለዚህ ልጁ ያለበትን መቀመጫ በቁመት ወይም በክብደት እስኪያልፈው ድረስ እዚያው ማቆየት ይሻላል።

የ4 ዓመት ልጅ አካል ከእኛ የሚለየው በማነሱ ብቻ አይደለም። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና አልጠነከረም። በትልቅ ሰው ላይ የወገብ ቀበቶን የሚይዘው የዳሌ አጥንት ጫፍ በልጅ ላይ ገና በደንብ አልወጣም። ጭኑም አጭር በመሆኑ ጉልበቱን ለማጠፍ ሲል ወደፊት ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ቀበቶው ወደ ሆዱ ይወጣል። የትከሻው ክፍል አንገቱን ሲነካውም ልጁ ራሱ ከጀርባው ያሳልፈዋል።

ገበያ ከመውጣታችን በፊት

ልጁን ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ላይ አስደግፉና በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ በሜትር ለኩት፤ ከዚያም መዝኑት። የምንመርጠው በልደቱ ቀን ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ መካከለኛ የሆነ የ3 ዓመት ልጅ 95 ሴንቲ ሜትርና 14 ኪሎ፣ የ4 ዓመት ልጅ 103 ሴንቲ ሜትርና 16 ኪሎ፣ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ 110 ሴንቲ ሜትርና 18 ኪሎ ገደማ ነው። ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ እኩዮች በ10 ሴንቲ ሜትር ሲበላለጡ እናውቃለን፤ የጎረቤት ልጅ ቡስተር ላይ መቀመጡ ለእኛ ልጅ ማስረጃ አይሆንም።

ለዚህ ዕድሜ ሦስት ዓይነት መቀመጫ አለ። የመጀመሪያው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ለአራስ ብቻ አድርገን እናየዋለን፤ ስዊድናውያን ግን ልጆቻቸውን እስከ 4 ዓመትና ከዚያም በላይ በዚህ መልክ ያስቀምጣሉ። ሐሳቡ የተወለደውም እዚያው ነው፤ ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን ጠፈርተኞች ጀርባቸውን ለግፊቱ ሰጥተው እንደሚቀመጡ አይተው እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የሙከራ መቀመጫ በቮልቮ መኪና ተፈተነ። ከፊት ለፊት በሚደርስ ግጭት ኃይሉ በጀርባ፣ በአንገትና በጭንቅላት ላይ ስለሚከፋፈል አንገት ብቻውን አይጎተትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የ2 ዓመት ወሰኑን ትቶ፣ መቀመጫው እስከሚፈቅደው ቁመትና ክብደት ድረስ ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥ ይላል። የ3 ዓመት ልጃችሁ እግሩ ታጥፎ ብታዩት አትጨነቁ፤ ልጆች ወለል ላይም የሚቀመጡት እግራቸውን አጥፈው ነው።

ሁለተኛው ወደ ፊት የሚያይ፣ የራሱ ባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያ ያለው ነው። ሁለቱን ትከሻ፣ ሁለቱን ዳሌና በእግሮቹ መካከል ይይዛል። ለአብዛኛው የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ፣ ለብዙ የ5 ዓመት ልጆችም፣ ትክክለኛው ይህ ነው። ልጁ ያለፈው መሆኑ የሚታወቀው የተጻፈውን ክብደት ወይም ቁመት ሲሞላ፣ ትከሻው ከላይኛው የማሰሪያ ቀዳዳ በላይ ሲሆን፣ ወይም የጆሮው ጫፍ ከመቀመጫው የላይኛው ጠርዝ እኩል ሲደርስ ነው።

ሦስተኛው ቡስተር ነው። ቡስተር ልጁን የሚያስረው በመኪናው ቀበቶ ነው፤ ሥራው ልጁን ከፍ አድርጎ ቀበቶው ትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያገለግለው ተንሸራቶ ሳይወርድ፣ ሳይጋደም፣ ቀበቶውን ሳያወልቅ መንገዱን ሁሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለሚችል ልጅ ነው። ይህን የሚችል የ3 ዓመት ልጅ አላየንም። በ5 ዓመቱ የሚችል አለ፤ በ6 ዓመቱም የማይችል አለ። ሲገዛም ጀርባና የጭንቅላት መደገፊያ ያለውን ምረጡ። በአውሮፓ አዲስ የሚመረት ጀርባ የሌለው ቡስተር የሚፈቀደው ከ125 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ልጅ ነው፤ ይህም የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ የሚደርስበት ቁመት አይደለም።

ምልክቱን ማንበብ

በአውሮፓ ደንብ የተሠራ መቀመጫ ብርቱካንማ ምልክት ይለጠፍበታል፤ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር ይኖረዋል። ለምሳሌ 1 ቁጥር ጀርመን፣ 4 ቁጥር ኔዘርላንድ ነው። ቁጥሩ ማረጋገጫውን የሰጠውን አገር እንጂ የተመረተበትን አይነግረንም። አር 44 የሚባለው የቆየው ደንብ በኪሎ የሚከፍል ሲሆን ከ9 እስከ 18 ኪሎ ያለው ምድብ 1፣ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ምድብ 2 ይባላል። አዲሱ አር 129 እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን በቁመት ይከፍላል፤ ከጎን የሚመጣ ግጭትንም ይፈትናል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ አዲስ ለሽያጭ የሚቀርበው አር 129 ብቻ ነው፤ ቤታችን ያለውን የአር 44 መቀመጫ መጠቀም ግን አልተከለከለም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መቀመጫው የፌዴራሉን የተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃ ማሟላቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ ፈልጉ። እዚያ የሚሸጥ ማንኛውም መቀመጫ አንድ ዓይነት ደረጃ ማለፍ አለበት። ከመቶ ዶላር በታች የሆነውም፣ የአራት መቶ ዶላሩም። የዋጋው ልዩነት ብዙ ጊዜ በጨርቁ፣ በምቾቱና ለማሰር በመቅለሉ ነው። በአውሮፓ የምትኖሩ የጀርመኑ የአውቶሞቢል ክበብ አዳክ በየዓመቱ የሚያወጣውን የፈተና ውጤት ብትመለከቱ ከሻጭ ምክር ይሻላል።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በኢንተርኔት በጥቂት ብር የሚሸጥ፣ ከጨርቅና ከጥቂት ክር የተሠራ፣ ጠንካራ አካል የሌለው «የልጅ መቀመጫ» አለ። ምልክቱ የለውም፤ ፈተናውን ሊያልፍም አይችልም፤ በእንግሊዝ አገር መጠቀሙ ሕገወጥ ነው። ለልጁ የሚሰጠው ጥበቃ የለም፤ ለወላጅ የሚሰጠው ግን የውሸት መረጋጋት ነው፤ ይህም ከምንም ይከፋል።

ከውጭ የሚላክና ያገለገለ መቀመጫ

አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቻችን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ መቀመጫ የምንልክ ብዙ ነን። መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም የምንልከው የሚታሰርበትን መኪና ጠይቀን ይሁን።

የአሜሪካ መኪኖች የኋላ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ እንዲቆልፍ ተደርጎ ይሠራል፤ እዚያ የሚሸጡ ብዙ መቀመጫዎችም በዚህ ላይ ይተማመናሉ። አገር ቤት ያለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ቀበቶው እንዲህ ላይቆልፍ ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ቀበቶውን በቀስታ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ትንሽ ወደ ውስጥ መልሱት፤ ከዚያ እንደገና ሳቡት። እምቢ ካለ ይቆልፋል። እንደ ልቡ ከወጣ ግን መቀመጫው ራሱ ቀበቶውን የሚቆልፍ መያዣ ያለው መሆን አለበት፤ አለዚያ መቀመጫው በእያንዳንዱ መታጠፊያ ይላላል።

በቆዩ መኪኖች የኋላ ወንበር ላይ፣ በተለይ መሐሉ ላይ፣ የወገብ ቀበቶ ብቻ ሊኖር ይችላል። በዚህ ቀበቶ ቡስተር ፈጽሞ አይታሰብም፤ የልጁን የላይኛውን አካል የሚይዝ የለምና። ባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያ ያለው መቀመጫ ግን መመሪያው ከፈቀደ በወገብ ቀበቶ ሊታሰር ይችላል፤ ብዙዎቹም ይፈቅዳሉ። ለቆየ መኪና እንዲህ ያለው መቀመጫ ይመረጣል የምንለው ለዚህ ነው። ከኋላ ምንም ቀበቶ የሌለው መኪና ከሆነ መቀመጫ ከመግዛት በፊት ገንዘቡ ቀበቶ በማስገጠም ላይ ይዋል፤ እሱም በመኪናው አካል ላይ ባለው የፋብሪካ ቀዳዳ እንጂ በተገኘ ቆርቆሮ ላይ አይደለም።

ያገለገለ መቀመጫ ሲሰጠን ታሪኩን ከሰጪው አንደበት መስማት አለብን። ከባድ ግጭት ያየ መቀመጫ ውጪው ደህና ቢመስልም ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል አይወሰድም። ከሥሩ ወይም ከጀርባው የተመረተበት ቀን ይጻፋል፤ ብዙዎቹ ከ6 እስከ 10 ዓመት ድረስ ነው የሚያገለግሉት፤ ፕላስቲኩ በሙቀትና በፀሐይ ይደክማል። የጎደለ ክፍል ካለው፣ ማሰሪያው ከተቆረጠና ከተሰፋ፣ ምልክቱ ከተላጠ፣ ባለቤቱም ማን እንደነበረ ካልታወቀ በነፃም ቢሰጥ እናመስግንና እንተወው።

አገሩ ምን ይላል?

ባጭሩ፣ በእንግሊዝና በስዊድን 135 ሴንቲ ሜትር፣ በጀርመን 150 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ድረስ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው፤ በእንግሊዝና በጀርመን 12 ዓመት ከሞላው ቁመቱ አይጠየቅም። በሜሪላንድ እስከ 8 ዓመት፣ በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ልጁ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ መቀመጫው ግዴታ ነው። ሕጉ ዝቅተኛውን ወሰን ነው የሚያስቀምጠው፤ በኤምሬቶች አምስተኛ ዓመቱን የያዘ ልጅ አካሉ በልደቱ ማግስት አይለወጥም።

ማሰሩ ላይ

ጥሩ መቀመጫ በትክክል ካልታሰረ ገንዘባችን ባክኗል። በመኪናው ቀበቶ ማሰርና በአይሶፊክስ፣ አሜሪካ ላች በሚባለው ማያያዣ፣ ማሰር ሁለቱም በትክክል እስከተደረጉ ድረስ እኩል አስተማማኝ ናቸው። የአይሶፊክስ ጥቅም ስህተትን መቀነሱ ነው፤ በቅርብ ጊዜ ወደ አገራችን የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ይህ ቀለበት ስላላቸው በወንበሩ መጋጠሚያ እጃችሁን አስገብታችሁ ፈልጉት። ወሰን ግን አለው። በአውሮፓው አር 129 ደንብ የልጁና የመቀመጫው ክብደት ተደምሮ ከ33 ኪሎ፣ በአሜሪካው ላች ደግሞ ከ29 ኪሎ ተኩል ማለፍ የለበትም። 12 ኪሎ የሚመዝን መቀመጫ ላይ 18 ኪሎ የሆነ ልጅ ሲቀመጥ የአሜሪካውን ወሰን አልፏል፤ ያን ጊዜ በቀበቶ ማሰር ነው።

ከታሰረ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ መቀመጫውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። ወደ ፊት የሚያይ መቀመጫ ብዙ ጊዜ ከጀርባው በኩል ሌላ የላይኛ ማሰሪያ አለው፤ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጠቅልሎ ይተወዋል። ይህ ማሰሪያ በግጭት ጊዜ የልጁ ጭንቅላት ወደፊት የሚሄደውን ርቀት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማለት ጭንቅላቱ የፊቱን ወንበር በመምታቱና ባለመምታቱ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። የሚያያዝበትን ቦታ የመኪናው መመሪያ ያሳያል፤ ለሻንጣ ማሰሪያ ከተሠራው ቀለበት ጋር አታያይዙት።

ቦታው የኋላ ወንበር ነው። ወደ ኋላ የሚያይ መቀመጫ ኤርባግ ያልተዘጋበት ጋቢና ላይ ማስቀመጥ ልጁን የሚገድል ስህተት ነው።

ልጁን ስናስር ማሰሪያው ትከሻው ላይ በጣታችን ለመቆንጠጥ እንሞክር፤ መቆንጠጥ ከቻልን ላልቷልና እናጥብቀው። የደረት መያዣ ካለው በብብቱ ትክክል ይሁን። ወደ ፊት ለሚያይ ልጅ ማሰሪያው የሚወጣው ከትከሻው እኩል ወይም ከዚያ በላይ፣ ወደ ኋላ ለሚያይ ልጅ ከትከሻው እኩል ወይም ከዚያ በታች ነው። በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት ልጁን በወፍራም ጃኬት ላይ ማሰር ትልቅ ስህተት ነው፤ ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይሟሽሽና ማሰሪያው ይላላል። አስራችሁት ጃኬቱን ከላይ እንደ ጋቢ አልብሱት። ባሕረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ የመቆለፊያው ብረት ቆዳ ስለሚያቃጥል በእጃችሁ ሳትነኩት አታስሩ።

«ያለቅሳል» ለሚሉን ደግሞ እንደ አስተማሪ እንመልስ። ልጅ የሚታገለው አንዳንድ ቀን የሚታለፍ ሕግን ነው። ለዒድ ጉዞ ተፈቶ፣ ለትምህርት ቤት ታስሮ ከሆነ ሁልጊዜ ይሞክራል። ድምፁ «ቀጭ» ሳይል መኪናው እንደማይነሳ ለአንድ ሳምንት ያለማወላወል ካየ ይተወዋል። የራሱን መቆለፊያ የሚፈታ ልጅ ካለ ደግሞ በልብስ ስፌት መርፌ ወይም በገመድ ማሰር አይገባም፤ መኪናውን ዳር አቁሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ያህል ሰዓት አርፍደናል፤ ሦስተኛ ጊዜ አልነበረም።

አሜሪካ ያላችሁ መቀመጫውን አስራችሁ ስትጨርሱ የሠለጠነ የልጆች መቀመጫ ባለሙያ በነፃ እንዲያይላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሴፍ ኪድስ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ያሉ ዝግጅቶች አሉት፤ አንዳንድ የእሳት አደጋ ጣቢያዎችም ቀድሞ ስልክ ለሚደውል ያያሉ። አዲስ መቀመጫ ስትገዙም አብሮ የሚመጣውን የምዝገባ ካርድ ሞልታችሁ ላኩ፤ ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ ዕቃውን ቢጠራ የሚያገኛችሁ በዚያ ነው።

የቀረው ጽዳቱ ነው። ጨርቁ እንደ ምልክቱ ሊታጠብ ይችላል፤ ማሰሪያውን ግን በረኪና አያስነኩትም፣ ማሽን ውስጥ አይከቱትም፣ በካውያም አይተኩሱትም፤ በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ሳሙና ይጠረጋል። በረመዳን ከኢፍጣር ሲመለሱ ልጆች መኪና ውስጥ የሚበሉት ተምር መቆለፊያው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ዘይት አታድርጉበት፤ መመሪያው ከፈቀደ መቆለፊያውን በለብታ ውኃ አለቅልቃችሁ አድርቁትና ባዶውን ደጋግማችሁ ቆልፋችሁ ሞክሩት።